ፈንክሽናል ቋንቋ በስልክና በጥቃቅን መሣሪያዎች ውስጥ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በሚገኘው መርካቶ ስልክ፣ መለዋወጫና ልዩ ልዩ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በየሱቁ ሲሸጥና ሲጠገን፣ ገዢው የሚጠይቀው ስለ ባትሪውና ስለ ሜሞሪው እንጂ በውስጡ የሚሠራው ፕሮግራም በምን ቋንቋ እንደተጻፈ አይደለም፤ ሆኖም ዕቃው ስሕተት ሲገጥመው የሚያሳየው ጠባይ ከዚሁ ቋንቋ ጋር ጥብቅ ግንኙነት አለው።

ፈንክሽናል የሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ሥራን እንደ ሒሳብ ፈንክሽን፣ ማለትም ግብዓት ተቀብሎ ውጤት እንደሚመልስ ስሌት የሚገልጹ ሲሆኑ፣ አንዴ ስም የተሰጠው ዋጋ በኋላ እንዳይለወጥ ማድረግ ዋነኛ ጠባያቸው ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤርላንግ በ1986 እ.ኤ.አ. በስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ በጆ አርምስትሮንግ ተጀምሮ በሮበርት ቨርዲንግና በማይክ ዊሊያምስ ተሳትፎ የዳበረ ሲሆን፣ ዓላማውም ብዙ ጥሪዎችን በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ የስልክ ማዞሪያ በአንዱ ጥሪ ብልሽት ምክንያት እንዳይቆም ማድረግ ነበር። በኤርላንግ ፕሮግራም የሚከፋፈለው ፕሮሰስ በሚባሉ ትናንሽ አሃዶች ሲሆን፣ እያንዳንዱ የራሱ ሜሞሪ ያለውና ከሌሎቹ ጋር በመልእክት ብቻ የሚገናኝ ነው፤ በመርካቶ በአንድ ተራ የተደረደሩ ሱቆች የየራሳቸው ዕቃና ሒሳብ ስላላቸው የአንዱ መክሰር የጎረቤቱን መደርደሪያ ባዶ እንደማያስቀር ሁሉ፣ አንድ ፕሮሰስ ሲወድቅም ተቆጣጣሪ የተባለው ሌላ ፕሮሰስ እርሱን ብቻ እንደገና ያስነሣዋል።

የመርካቶ ነጋዴ ከውጭ አገር አቅራቢው ጋር በዋትሳፕ ሲጻጻፍ መልእክቱን የሚያስተላልፉት ሰርቨሮች በኤርላንግ የተሠሩ ሲሆኑ፣ ኩባንያው በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ ሰርቨር ከ2 ሚሊዮን በላይ ግንኙነቶችን እንደያዘ አስታውቋል። በስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያ ግን በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ስልኮች ከፈንክሽናል ቋንቋዎች የወሰዱት በአብዛኛው ሐሳቡን ሲሆን፣ የስልክ መተግበሪያ የሚጻፍባቸው ኮትሊንና ስዊፍት የተባሉት ቋንቋዎች የማይለወጡ ዋጋዎችን የሚደግፉት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው ማይክሮኮንትሮለር በሚባለው፣ በቆጣሪ፣ በፓምፕና በመኪና ውስጥ በሚገባው ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ዋጋ የማይለወጥ ከሆነ ለውጥ በተፈለገ ቁጥር አዲስ ዋጋ ስለሚፈጠር፣ አሮጌውን እየሰበሰበ ሜሞሪ የሚያስለቅቅ ጋርቤጅ ኮሌክተር የተባለ ክፍል ያስፈልጋል፤ እርሱ ሲሠራ ፕሮግራሙ ለጥቂት ጊዜ ሊቆም መቻሉ ለፓምፕ ብዙም ባያሳስብም ለፍሬን አደገኛ ነው። ስለዚህ ሁለት መንገዶች ተበጅተዋል። በመጀመሪያው ቋንቋው ራሱ በቺፑ ላይ ይሠራል፤ አቶምቪኤም የተባለው ሶፍትዌር ኤርላንግን 520 ኪሎባይት ራም ባለው ኢኤስፒ32 ቺፕ ላይ የሚያስኬድ ሲሆን፣ ኦማይክሮቢ ደግሞ ኦካምል የተባለውን ቋንቋ ከ8 ኪሎባይት ያነሰ ራም ላላቸው ቺፖች አብቅቷል። በሁለተኛው፣ ናሳ በሚጠቀምበት ኮፓይለት በተባለው መሣሪያ እንደሚደረገው፣ ፕሮግራሙ ሃስኬል በተባለው ፈንክሽናል ቋንቋ ተጽፎ ሜሞሪው አስቀድሞ ወደ ተወሰነ የሲ ቋንቋ ፕሮግራም ይተረጎማል።

መብራት በድንገት በሚጠፋበት ከተማ ግን ተቆጣጣሪ ፕሮሰስ ብቻውን አይበቃም፣ እርሱም ከሌሎቹ ጋር ይጠፋልና። የኤርላንግ ዘመድ በሆነው በኤሊክሲር ቋንቋ የተሠራው ነርቭስ የተባለው የጥቃቅን መሣሪያዎች ሶፍትዌር መሥሪያ የመሣሪያውን ዋና ሶፍትዌር ለንባብ ብቻ ክፍት በሆነ ክፍል ስለሚያስቀምጥና አዲሱን ቅጂ ከአሮጌው ጎን ለይቶ ስለሚጽፍ፣ ማሻሻያው በመካከል ቢቋረጥ መሣሪያው በቀድሞው ቅጂ ይነሣል።