በበርሜል ማንሻ መሣሪያ ላይ የሚለጠፈው የፕላስቲክ ስፖንጅ ኬሚካልን ምን ያህል ይቋቋማል?

ፈሳሽ ኬሚካሎች ከፋብሪካ ወደ መጋዘን የሚጓዙት ብዙውን ጊዜ 200 ሊትር ያህል በሚይዝ በርሜል ነው። በርሜሉ በውሃ ቢሞላ፣ የራሱን ክብደት ሳንቈጥር፣ 200 ኪሎ ይመዝናል፤ የተጠናከረ ሰልፈሪክ አሲድ ግን አንዱ ሊትር 1.84 ኪሎ ስለሚመዝን ጠቅላላው ወደ 368 ኪሎ ይደርሳል። በአንዳንድ የማንሻ መሣሪያዎች ላይ የብረቱ ክንዶች በርሜሉን እንዳይጎዱትና በርሜሉም እንዳይንሸራተት በክንዶቹ ውስጠኛ ገጽ የፕላስቲክ ስፖንጅ ይለጠፋል። ስፖንጁ ከመሣሪያው ክፍሎች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ነገር ግን እርሱ ሲበላሽ በርሜሉ የሚወድቀው በሠራተኛው እግር ላይ ነው። ስለዚህ ስፖንጅ የሚመረጠው በልስላሴው ሳይሆን በርሜሉ በያዘው ፈሳሽ መሠረት መሆን እንደሚገባው በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ስፖንጅ ማለት በውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን የአየር ክፍሎች ያሉበት ፕላስቲክ ነው። ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው የሚገናኙ ከሆነ ፈሳሽ እስከ መካከሉ ይሰርጋል፤ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የተዘጋ ከሆነ ግን ፈሳሹ በአብዛኛው ከላይ ይቀራል። በሁለቱም ዓይነት የክፍሎቹ ግድግዳ በጣም ስስ ነው። ስለዚህ አንድ ፕላስቲክ በወፍራም ጠርሙስ መልክ ለረጅም ጊዜ የሚታገሠው ፈሳሽ፣ በስፖንጅ መልክ ሲሆን ቶሎ ሊያሸንፈው ይችላል።

ፕላስቲኮችም በጠባያቸው ይለያያሉ። ለዕቃ ማሸጊያ የሚውለውን ነጭ የፖሊስቲሪን ስፖንጅ አሴቶን ውስጥ ብንነክረው ወዲያው ሟሽሾ ጥቂት የሚያጣብቅ ነገር ብቻ ይቀራል። ይህ ማቃጠል አይደለም፤ የአሴቶን ሞለኪውሎች በፕላስቲኩ ረጃጅም ሰንሰለቶች መካከል ገብተው ስለሚያላቅቋቸው አየሩ ያመልጣል። ይኸው ስፖንጅ ግን ቀጭን አሲድን በደኅና ይቋቋማል።

እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ አገር የተገኘው ፖሊኤቲሊን ቀጭን አሲዶችን፣ ኮስቲክ ሶዳንና አልኮልን በሚገባ ይቋቋማል። ቤንዚንና ቶሉይን ግን ያሳብጡታል፤ የተጠናከረ ናይትሪክ አሲድም ያጠቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1937 በጀርመን ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ የፈለሰፉት ፖሊዩሬቴን ሁለት ዋና ዓይነት አለው። የፖሊኤስተሩ ዓይነት ዘይትን ሲታገሥ በእርጥበት፣ በአሲድና በአልካሊ ቀስ በቀስ ይፈረፈራል፤ የፖሊኤተሩ ዓይነት ውሃን ይበልጥ ሲታገሥ በአሟሚ ፈሳሾች ያብጣል። የተጠናከሩ አሲዶች ሁለቱንም ያበላሻሉ።

ሌላም አደጋ አለ፤ ይኸውም ክፍሎቹ የሚገናኙት ስፖንጅ የትናንቱን ፈሳሽ ይዞ ማደሩ ነው። ትናንት አሴቶን የጠጣ ስፖንጅ ዛሬ የተጠናከረ ናይትሪክ አሲድ ቢፈስበት ሁለቱ በኃይል ተዋሕደው እሳት ሊያስነሡ ይችላሉ። የተጠራቀመውም አሲድ ከበስተኋላ ያለውን ብረት ያዝገዋል፤ የሚነካውንም እጅ ያቃጥላል። በዚህ ምክንያት ለበርሜል ሥራ ክፍሎቹ የተዘጉት ስፖንጅ ይመረጣል።

ምርጫው ትክክል መሆኑን በቀላል ሙከራ ማረጋገጥ ይቻላል። ከስፖንጁ እኩል ቁራጮች ቈርጠን እንመዝናለን፤ ውፍረታቸውንም እንለካለን። ከዚያም በመጋዘኑ ሙቀት ልክ በፈሳሹ ውስጥ ለሰባት ቀን እናቈያቸዋለን፤ አንዱን ቁራጭ ግን ለማነጻጸሪያ ሳንነክር እናስቀምጣለን። ሲወጡ ክብደትና ውፍረታቸውን ዳግመኛ እንለካለን፤ ክብደት ጭነንባቸውም ስናነሣላቸው ወደ ቀድሞ ውፍረታቸው መመለሳቸውን እንመለከታለን። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይደርስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የክብደት መጨመር ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ ስፖንጁ ፈሳሹን ጠጥቶ ብቻ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ደርቆ እንደገና መመዘን አለበት። በዚያን ጊዜ ክብደቱ ከመጀመሪያው ቢያንስ ፕላስቲኩ ራሱ ከፊሉን አጥቷል ማለት ነው። ሙከራው ሁሉ የሚደረገው ጓንትና የዐይን መከላከያ አድርጎ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆ ነው።

በጠቅላላው ሁሉን የሚቋቋም ስፖንጅ የለም። ስለዚህ የመጋዘን ኀላፊ «ይህ ስፖንጅ ጠንካራ ነውን?» ከማለት ይልቅ «ለየትኛው ፈሳሽ፣ በምን ያህል ጥንካሬና ሙቀት፣ ለስንት ጊዜ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የሠራተኛውን እግር ከአደጋ ያድናል እንላለን።