ዓይኑ የከበደው ማታለያ

በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ በሰስኮሃና ወንዝ ላይ አጥማጆችን ይመራ የነበረው ቦብ ክላውዘር፣ ትናንሽ ዓሦችን እያሳደደ ለሚበላው ስሞልማውዝ ባስ ለተባለ ዓሣ በ1987 እ.ኤ.አ. ትንሽ ዓሣ የሚመስል አዲስ የመንጠቆ ማታለያ ሠራ። ዝነኛው አጥማጅ ሌፍቲ ክሬ «ክላውዘር ዲፕ ሚኖው» ብሎ ሰየመው።

ትልቁ ብልሃት ዓይኑ ላይ ነው። ሁለት የእርሳስ ድብልብሎች በመንጠቆው ዘንግ ላይ በክር ጠበቅ ተደርገው ይታሰራሉ። ክብደታቸው መንጠቆውን ስለሚገለብጠው ሹል ጫፉ ወደ ላይ ይዞራል፤ ድንጋይና ጉቶም ብዙም አይይዘውም። ከዚያ ከአጋዘን ጅራት የተቆረጠ ነጭ ጠጉር ለሆዱ፣ ቢጫማ አረንጓዴው ለጀርባው፣ በመካከላቸው ጥቂት የሚያብለጨልጭ ክር። ጠጉር ማብዛት ሥራውን ያበላሻል፤ ሳሳ ሲል ነው ውኃ ውስጥ ሕይወት ያለው የሚመስለው።

ገመዱ ሲሳብ ወደፊት ይፈተለካል፤ ሲቆም በአፍንጫው ተደፍቶ ይሰምጣል። ባሱ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው በዚህች ቅጽበት ስለሆነ፣ ጀማሪ አጥማጅ ገመዱን ከመጠን በላይ አያላላ።