ስለ አይሁድ ቡራኬ
አይሁድ ወይን ከመጠጣታቸው በፊት የሚያደርሱት ቡራኬ የእግዚአብሔርን ስምና የዓለም ንጉሥነቱን ይጠራል፤ ከሁለቱ አንዱ ቢጐድል መምህራኑ እንደ ቡራኬ አይቈጥሩትም።

እንግዲህ ሰው ቡራኬውን ማድረሱን ቢጠራጠር ምን ያድርግ? ሊደግም አይገባውም። ይህ ቸልተኝነት እንዳይመስለን፤ ቡራኬውን የደነገጉት መምህራን ናቸው፥ ስሙን በከንቱ አለመጥራት ግን የኦሪት ትእዛዝ ነው። ጠግቦ ከበላ በኋላ የሚደርሰው ምስጋና ግን በዘዳግም 8፥10 የታዘዘ ስለ ሆነ፥ የተጠራጠረ ይደግመዋል።

ስሙን ከጠራ በኋላ አስቀድሞ ማድረሱ ትዝ ያለውስ? የጀመረውን በመዝሙረ ዳዊት ቃል ይፈጽማል፤ ሥርዓቱን እንዲያስተምረው እግዚአብሔርን ይለምናል። ቃሉ በእኛ ዳዊት በ118ኛው፥ በእነርሱ በ119ኛው መዝሙር ቍጥር 12 ላይ ይገኛል።