ከችሮታ ወደ ግዴታ፦ የነዳጅ ኩባንያዎችና የኒጀር ዴልታ ሕዝብ



«የኩባንያዎች ማኅበራዊ ኃላፊነት» ሲባል ብዙዎቻችን የትምህርት ቤት ምረቃን ወይም የጤና ጣቢያን መሠረት ድንጋይ እናስባለን። እኔ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከሕንፃው ጀርባ ያለውን ነው፤ ኩባንያው ለአካባቢው ሕዝብ የሚያወጣው ገንዘብ ችሮታ ነው ወይስ ዕዳ? መልሱን በናይጄሪያ ኒጀር ዴልታ እንፈልገው።

በዚያ ምድር፣ ኦሎይቢሪ በተባለች ሥፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ ተገኘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ውጭ መላክ ጀመረ። ኩባንያዎቹ በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት ትምህርት ቤት ሠሩ፤ የውኃ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጡ። ይሁን እንጂ የሚሠራውን የሚወስነው በአመዛኙ ሰጪው ነበር። በዚያው ዘመን የፈሰሰ ነዳጅ እርሻውንና ዓሣ የሚጠመድበትን ውኃ በከለ። በኦጎኒ የተነሣውን ተቃውሞ የመራው ደራሲ ኬን ሳሮ ዊዋ እ.ኤ.አ. በ1995 በወታደራዊው መንግሥት በስቅላት ተገደለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2011 ባወጣው ጥናት የኦጎኒን ምድር መልሶ ለማዳን ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊወስድ እንደሚችል አመለከተ። ምንጭ ለተበከለበት ሕዝብ የተቆፈረለት ጉድጓድ ስጦታ ሊባል ይችላልን?

ለውጡ በሁለት እርምጃ መጣ። በመጀመሪያ፣ ከ2005 ጀምሮ ሼቭሮን፣ ቀጥሎም ሼል፣ መንደሮች በቡድን ሆነው የልማት ሥራቸውን ራሳቸው የሚመርጡበትን ስምምነት አስጀመሩ። ሁለተኛው፣ የ2021 የናይጄሪያ የፔትሮሊየም ኢንዱስትሪ ሕግ ነው። ሕጉ ነዳጅ አውጪ ኩባንያ ካለፈው ዓመት የሥራ ማስኬጃ ወጪው 3 በመቶ የሚሆነውን ለማኅበረሰቡ የልማት አደራ ፈንድ እንዲከፍል ያስገድዳል። ችሮታ የነበረው ግዴታ ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን ሁለት ነጥቦችን ልብ በሉ። የአደራ ቦርዱን አባላት የሚሰይመው፣ ከማኅበረሰቡ ጋር ቢመካከርም፣ ኩባንያው ነው። በተጨማሪም በማኅበረሰቡ ክልል በነዳጅ ተቋማት ላይ ጥፋት ከደረሰ የጥገናው ወጪ ከሕዝቡ ድርሻ ይቀነሳል። ስለዚህ ጥቂቶች ለሚፈጽሙት ሁሉም ይቀጣል፤ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁም ሳይቀጠሩ የቧንቧ ዘብ ይሆናሉ።

እንግዲህ የኩባንያ ዓመታዊ ሪፖርት በእጃችሁ ሲገባ ስንት ገንዘብ እንደወጣ ብቻ አትመልከቱ። ማን ወሰነ? ማን ይቆጣጠራል? ጉዳቱስ ተካሰ? ብላችሁ ጠይቁ። ልማት ለካሣ ምትክ አይሆንምና።