የጃኩ አንገት

አንድ ማታ ኮምፒውተሬ ላይ ዘፈን ከፍቼ ስሠራ ዘፋኙ ጠፋ። ኪቦርዱ አለ፤ ጭብጨባው አለ፤ ተቀባዮቹም ጉድጓድ ውስጥ እንዳሉ በሩቁ ይሰማሉ። ግጥሙን የሚያዜመው ሰው ብቻ የለም። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ሌላ ዘፈን ከፈትኩ፤ እዚያም እንደዚያው። የስፒከሩን ገመድ ኮምፒውተሩ ላይ ከሚሰካው ጃክ ሥር ይዤ ቀና ሳደርገው ሰውየው ከነሙሉ ድምፁ ተመለሰ። ስለቀው እንደገና ሄደ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ብዙ ሰው «ስፒከሩ ተቃጠለ» ብሎ ሌላ ለመግዛት ይነሳል። ስፒከሩ ግን ደህና ነው። የተጎዳው ገመዱ ጃኩ ውስጥ የሚገባባት፣ ሁለት ጣት የማትሞላ ቦታ ናት። እኔ «የጃኩ አንገት» እላታለሁ።

ጃኩን ነቅላችሁ ብርሃን ላይ እዩት። ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። ብረቱን ሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ ቀለበቶች ለሦስት ይከፍሉታል። ጫፉ የግራውን ድምፅ ይሸከማል፤ መካከለኛው የቀኙን። ከሥር ያለው ረጅሙ ክፍል ግራውንድ ነው፤ የሁለቱም የጋራ መመለሻ መንገድ። ሦስት ቀለበት ካያችሁ ማይክ ያለው የስልክ ኢርፎን ጃክ ይዛችኋል ማለት ነው።

ይህ ቅርጽ ኮምፒውተርን በብዙ አሥርት ዓመታት ይቀድማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የስልክ ማዕከል ሠራተኞች ሁለት ደዋዮችን የሚያገናኙት ጫፉ ብረት የሆነ ገመድ ከሰሌዳው ቀዳዳ ውስጥ እየሰኩ ነበር። የቺካጎው መሐንዲስ ቻርልስ ስክሪብነር የሠራው ማገናኛ ታጣፊ ሰንጢ ስለሚመስል በእንግሊዝኛው የሰንጢ ስም «ጃክናይፍ» ተባለ፤ «ጃክ» የሚለው ቃል ከዚያ የቀረ ነው ይባላል። ወፍራሙ 6.35 ሚሊ ሜትር ጃክ ዛሬም ጊታርና ኪቦርድ ላይ ይሰካል። ትንሹ ከትራንዚስተር ሬዲዮ ጋር መጣ፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ሶኒ ዎክማንን ሲያወጣ ደግሞ በየሰው ኪስ ገባ።

ወደ ጠፋው ዘፋኝ እንመለስ። ስቱዲዮ ውስጥ የዘፋኙ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በግራም በቀኝም እኩል ይቀመጣል፤ መሀል ቆሞ የሚዘፍን የሚመስለንም ለዚህ ነው። ተቀባዮቹና አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ወደ አንዱ ጎን ያደላሉ። የግራውንዱ ክር ሲበጠስ የግራውና የቀኙ ድምፅ መመለሻ አጥተው አንዱ በሌላው በኩል ለማለፍ ይገደዳሉ። ያን ጊዜ ስፒከሩ የሚያገኘው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። እኩል የሆነው ይጣፋል፤ የሚለያየው ይቀራል። ስለዚህ ዘፋኙ ጠፍቶ አጃቢው ከቀረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ግራውንዱ ነው። ጃኩ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ሲቀርም ተመሳሳይ ነገር ስለሚያደርግ፣ ከሁሉ በፊት ጠበቅ አድርጋችሁ ግፉት።

አንዱ ጎን ብቻ ጸጥ ካለ የተበጠሰው የዚያ ጎን ክር ሊሆን ይችላል። ድምፅ መጨመሪያውን ስታዞሩ ብቻ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ግን ገመዱን አትውቀሱት፤ መጨመሪያው ውስጥ አቧራ ገብቷል። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ሲሆን ብቻ የሚያጉረመርም ከሆነም ችግሩ ከመብራት መስመሩ በኩል ነው እንጂ ከክሩ አይደለም።

ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ስፒከሩን ስልክ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት፤ ኮምፒውተሩን ደግሞ በሌላ ኢርፎን። ሰው የሚዘነጋት አንዲት ነገርም አለች፦ ብዙ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ላይ የስፒከሩ ቀዳዳ አረንጓዴ ነው፤ ሮዙ የማይክ ነው። ቀጥሎ ጃኩን ንቀሉት፤ ስፒከሩ እንደበራ ድምፁን ዝቅ አድርጉና የጃኩን ጫፍ በጣታችሁ ንኩት። ከግራው ስፒከር «እምምም» የሚል ድምፅ ብዙውን ጊዜ ይሰማል። ሰውነታችን በግድግዳው ውስጥ ካለው የመብራት መስመር የሚለቅመው የ50 ኸርዝ ንዝረት ነው። መካከለኛውን ክፍል በመርፌ ጫፍ ብትነኩት ቀኙ ይመልሳል። አንዱ መልሶ ሌላው ዝም ካለ፣ ገመዱን ከአንገቱ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አነቃንቁት። ማጉያው አብዛኛውን ጊዜ ያለው በአንዱ የስፒከር ሣጥን ውስጥ ስለሆነ፣ ሁለተኛውን ሣጥን የሚያገናኘውን ገመድም በዚሁ መንገድ ፈትሹ። ሣጥኑን ግን ከመብራት ሳትነቅሉ እንዳትከፍቱ።

አንገቱ ላይ የሚበጠሰው ለምንድን ነው? በገመዱ ውስጥ ያለው መዳብ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ክሮች ጥቅል ነው። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ሲታጠፍ መዳቡ ይደርቃል፤ ክሮቹም አንድ በአንድ ይሰበራሉ። ጃኩ ግትር፣ ገመዱ ለስላሳ ነውና እጥፋቱ ሁሉ መገናኛቸው ላይ ያርፋል። ላስቲኩ ስለማይቀደድ ከውጭ ምንም አይታይም።

ጥገናው ገመዱን ከተጎዳው ቦታ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ ቆርጦ አዲስ ጃክ መበየድ ነው። ከመበየዳችሁ በፊት ገመዱን በጃኩ ሽፋን ውስጥ አስገቡ፤ ይህን የረሳ ሰው የበየደውን መልሶ ይፈታል። ከላስቲኩ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ቀይና ነጭ ክር፣ በዙሪያቸውም እርቃኑን የተጎነጎነ መዳብ ታገኛላችሁ። ቀይ ለቀኝ፤ በአማርኛ ሁለቱም በ«ቀ» ይጀምራሉና አይረሳም። ነጩ ለግራ፣ ጉንጉኑ ለግራውንድ ነው። የአንዳንዱ ገመድ ክር ግን በሚያብረቀርቅ ቀለም ተለብጧል። ቀለሙ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ የመበየጃው እርሳስም አይዘው ብሎ እንደ ውኃ ጠብታ ይንከባለልበታል። የክሩን ጫፍ ቀለሙ እስኪነሳ በሙቅ እርሳስ ውስጥ ማቆየት ወይም በቢላ ቀስ አድርጎ መፋቅ ያስፈልጋል። ሽፋኑን ከማጥበቃችሁ በፊት ቴስተሩን ድምፅ መስጫው ላይ አድርጋችሁ ሦስቱ ክፍሎች እርስ በርስ እንዳልተነካኩ አረጋግጡ።

የእኔው ገመድ ሲቆረጥ ጉንጉኑ በሙሉ ተበጥሶ፣ ገመዱ በሁለቱ የድምፅ ክሮች ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። አዲስ ጃክ ከተገጠመለት ወዲህ ዘፋኙ አልጠፋም።

መበየድ የማትችሉ ከሆነ ለጥገና ስትወስዱት «ስፒከሩ አይሠራም» ብላችሁ አትስጡ። «ጃኩ ሥር ሳነቃንቀው ይመለሳል» በሉት፤ ባለሙያው ሣጥኑን ሳይፈታ በቀጥታ ወደ አንገቱ ይሄዳል።