የጉልበት ማስታገሻና የግፊት መድኃኒት በአንድ ኪስ

ባለፈው የተግባር ልምምድ ወቅት በተመደብኩበት የመድኃኒት ማደያ መስኮት ላይ አንድ አባት መጡ። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል። ካርዳቸው ላይ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ተጽፏል። ሁለቱንም ሳያቋርጡ ወስደዋል፤ ግፊታቸው ግን በመውረድ ፈንታ ጨምሯል። ሐኪሙም ሦስተኛ መድኃኒት፣ አምሎዲፒን፣ አዞላቸው ነበር የመጡት። እኔም እንደተማርነው «አባባ፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «የለም ልጄ» አሉ። የሰጠኋቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ሊከቱ ሲሉ ግን ግማሹ ያለቀ የክኒን እሽግ ወጥቶ ወደቀ። ዳይክሎፌናክ ነው። «ይሄማ መድኃኒት አይደለም፣ የጉልበት ነው» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ይህ ንግግራቸው ነው። እኚህ አባት አልዋሹም። ለእሳቸው መድኃኒት ማለት ሐኪም በካርድ ላይ የጻፈው ነው። ከሰፈር ፋርማሲ የሚገዛው፣ ጎረቤት የሚያውሰው፣ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ በትልቅ ብልቃጥ የሚያመጣው አድቪል በዚያ አይቆጠርም። በሌላው ላይ ከመፍረዴ በፊት የራሴን ልናገር፦ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ለበዓል አገር ቤት ስሄድ የግፊት መድኃኒት ለሚወስዱት አያቴ አይቡፕሮፌን ገዝቼ ወስጄላቸው ተመርቄበታለሁ።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲንና መሰሎቻቸው፣ በክፍል ውስጥ ኤንሴድ እያልን የምንጠራቸው፣ ሕመም የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር እንዳይመረት በማድረግ ነው። ፕሮስታግላንዲን ግን የጉልበት እብጠት ብቻ አይደለም ሥራው፤ ኩላሊት ውስጥም ሥራ አለው። ኩላሊት ደም የሚያጣራው በግፊት ነው። ወደ እያንዳንዱ ማጣሪያ ደም የሚያስገባ ቀጭን የደም ሥር አለ፤ የሚያስወጣም ሌላ አለ። መግቢያውን ከፍቶ የሚይዘው ፕሮስታግላንዲን ነው። መውጫውን ጠበብ አድርጎ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት እንዳይወድቅ የሚጠብቀው ደግሞ አንጂዮቴንሲን 2 ነው።

አሁን የእኚህን አባት ኪስ እንመልከት። ኢናላፕሪል አንጂዮቴንሲን 2 እንዳይመረት ስለሚያደርግ መውጫው ይሰፋል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ውኃና ጨው በሽንት ስለሚያስወጣ ለኩላሊት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ይህ ብቻ ቢሆን ኩላሊት መግቢያውን ከፈት አድርጎ ይቋቋመዋል። ዳይክሎፌናክ ሲጨመር ግን መግቢያውም ይጠባል። የሚገባው ደም አነሰ፣ የገባውም ቶሎ ወጣ፤ ለማጣራት የሚያስፈልገው ግፊት ከየት ይምጣ? በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ጽሑፍ ይህ ጥምረት «የሦስትዮሽ ምት» የሚል ትርጉም ያለው ስም ተሰጥቶት እስካሁን በዚያው ይጠራል። በኢናላፕሪል ፈንታ ሎሳርታን ቢሆንም ነገሩ ያው ነው።

ማጋነን እንዳይሆን ቁጥሩን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2013 በብሪታንያ የታተመ፣ 487,372 የግፊት መድኃኒት ተጠቃሚዎችን ያካተተ ጥናት ሦስቱን በአንድነት የወሰዱ ሰዎች ሁለቱን የግፊት መድኃኒቶች ብቻ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በ31 በመቶ እንደሚጨምርባቸው አሳይቷል። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ደግሞ ጭማሪው 82 በመቶ ነበር። ኤንሴድ ከአንዱ የግፊት መድኃኒት ጋር ብቻ ሲወሰድ በጥቅሉ ይህን ያህል ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ጉልበቱን ያመመው ሰው ሁሉ ኩላሊቱ ይወድቃል ማለት አይደለም። «ለጥቂት ቀን ብቻ ነው እኮ» የሚለው ማጽናኛ ግን አይሠራም፤ አደጋው የሚከፋው በመጀመሪያው ወር ነውና።

ለምን በተለይ አዛውንቶች? የወጣት ኩላሊት ደህና ውኃ እስካገኘ ድረስ በፕሮስታግላንዲን ላይ ብዙም አይደገፍም። የሽማግሌ ኩላሊት ግን ይደገፋል፤ ልብ ሲደክም፣ ተቅማጥ ሲይዝ፣ ውኃ ሲጎድል ይብሱን። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ በረመዳን ፀሐይ እስክትጠልቅ ውኃ ሳይቀምሱ የሚውሉ አባቶች በቤታችን አሉ፤ ይህን የውጭ መጻሕፍት አይነግሩንም፣ እኛ ነን ማሰብ ያለብን። ሌላው አሳሳች ነገር ክሬያቲኒን ነው። የሚመነጨው ከጡንቻ ስለሆነ ሰውነታቸው የከሳ ሽማግሌ ኩላሊታቸው ደክሞም ውጤታቸው «ኖርማል» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ፖታሲየምም አብሮ ይጨምራል፤ ስፓይሮኖላክቶን ካለበት የልብ ምት እስኪዛባ ሊደርስ ይችላል።

ወደ ግፊቱ ልመለስ። ኤንሴድ ጨውና ውኃ በሰውነት እንዲቀር ስለሚያደርግ የግፊት ሕመምተኛን ግፊት በአማካይ 5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ከፍ ያደርጋል፤ አንዳንዱን ከዚያም በላይ። የኢናላፕሪልንና የሃይድሮክሎሮታያዛይድን ኃይል ያደክማል፤ አምሎዲፒንን ግን ያን ያህል አይነካውም። እንግዲህ ሐኪሙ የማያውቀው ክኒን ግፊቱን ከፍ አደረገው፣ ሐኪሙም ሌላ ጨመረ። ነገ ጉልበቱ ሲሻላቸው ዳይክሎፌናኩን ይተዉታል፤ ያኔ በሦስት መድኃኒት ግፊታቸው ዝቅ ብሎ ከአልጋ ሲነሱ ዓይናቸው ይጨልማል። ዳይክሎፌናኩን የሚያውቅ ስለሌለ፣ ማዞሩም በእርጅና ይመካኛል።

ወንዶችን ለይቶ የሚነካ ነገርም አለ፤ ፕሮስቴት። በኔዘርላንድስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት ኤንሴድ የሚወስዱ ወንዶች ሽንት ድንገት የመዘጋት አደጋቸው እጥፍ ያህል እንደሆነ አግኝቷል። ኤንሴዱ ቀርቶ ትራማዶል ቢሰጣቸውስ? እሱም ሽንት ሊይዝ፣ ሆድ ሊያደርቅ ይችላል፤ ያደነዝዛልም። ለፕሮስቴት ተብሎ ታምሱሎሲን የታዘዘላቸው ከሆኑ እሱ ራሱ ሲቆሙ ግፊት ይጥላል። የግፊት መድኃኒት፣ ታምሱሎሲንና ትራማዶል የወሰዱ አባት ሌሊት ለሽንት ሦስቴ ይነሳሉ፤ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ መጸዳጃው ውጭ ነው። የዳሌ አጥንት ስብራት የሚመጣው እንዲህ ነው።

«ታዲያ ሕመማቸውን ይቻሉት?» የሚል ይኖራል። አይቻሉትም። ጉልበቱ ያመመው ሰው አይራመድም፣ ያልተራመደ ደግሞ ይባሱን ይደክማል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሞከረው በጉልበት ላይ የሚቀባው የዳይክሎፌናክ ጄል ነው፤ ወደ ደም የሚገባው ከክኒኑ በጣም ያነሰ ነው። ፓራሲታሞልም አለ። እሱም ቢሆን ንጹሕ ነው ብለን በጅምላ የምንሰጠው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ከኤዲንብራ የወጣ ጥናት 110 የግፊት ሕመምተኞች ለሁለት ሳምንት በቀን 4 ግራም ሲወስዱ የላይኛው ግፊታቸው 5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል እንደጨመረ አሳይቷል። አልፎ አልፎ ሲያስፈልግ መውሰድና በየቀኑ ሙሉውን መጠን መዋጥ ለየቅል ናቸው። ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ዓይነት ደግሞ ሶዲየም ስላለበት ለግፊት ሕመምተኛ አይመከርም። የግድ ኤንሴድ ካስፈለገ ሐኪሙ አውቆት፣ በትንሽ መጠን፣ ለጥቂት ቀን፣ ክሬያቲኒንና ፖታሲየም እየታየ ይሁን። የግፊቱን መድኃኒት ግን ሕመምተኛው በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ አጥብቀን እንንገር። ስለ ዳይክሎፌናክ አስፈራርተን ልከን ኢናላፕሪሉን ጥለው ቢመጡ ምን ሠራን?

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ መስኮቱ ላይ የምጠይቀውን ቀይሬያለሁ። «ሌላ መድኃኒት አለ?» አልልም። «ጉልበትዎን ወይም ወገብዎን ሲያምዎት ምን ይውጣሉ?» ነው የምለው። መልሱ ወዲያው ይመጣል፤ አንዳንዴም እሽጉ ራሱ ከኪስ ይወጣል።

እኚያን አባት አምሎዲፒኑን ሳይጀምሩ ወደ ሐኪሙ መለስናቸው። ምርመራ ታዘዘ፤ ክሬያቲኒናቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ዳይክሎፌናኩ ቆመ፣ ጄል ተሰጣቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመጡ ክሬያቲኒኑም ግፊቱም ወርዶ ነበር፣ ሦስተኛው መድኃኒትም አላስፈለገም። «ጉልበቴ ግን አሁንም ያመኛል» አሉ። ካርዳቸውን ሳየው ሐኪሙ ከግፊት መድኃኒቶቹ ሥር «ለጉልበት» ብሎ አንድ መስመር ጨምሮበታል።