ሥዕሉ የማን ነው?
ሰባት ሠዓሊዎች ስላቋቋሙት የኮሚክ መጽሔት ድርጅት

በ1938 ዓ.ም. ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወጣቶች አውቶሞቢል በእጁ አንሥቶ የሚወረውር አንድ ጀግና ፈጥረው ሙሉ መብቱን በ130 ዶላር ለአሳታሚ ሸጡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ጀግናው ሱፐርማን ይባላል። አሳታሚው ድርጅትና ከእርሱ የተረከቡት ሁሉ በመጽሔት፥ በሬዲዮ፥ በሲኒማና በልጆች መጫወቻ የሰበሰቡበትን ገንዘብ ለመቍጠር አንድ ሙሉ የሒሳብ ክፍል አይበቃም። ፈጣሪዎቹ ግን በችግር አረጁ፤ የሹስተርም ዐይን ደከመ። በ1975 ዓ.ም. ትልቅ የሱፐርማን ፊልም ሊሠራ መታሰቡ ሲሰማ አቤቱታቸው በየጋዜጣው ወጣ። ድርጅቱም የሕዝቡን ሐሜት ፈርቶ ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20 ሺህ ዶላር ጡረታ ቈረጠላቸው፤ ስማቸውም ከጀግናው ጋራ እንዲታተም ፈቀደ።

ይህን አስቀድሜ ያነሣሁት ዛሬ ልጽፍለት ያሰብሁት ድርጅት የተወለደው ከዚህ ዓይነቱ ቂም ስለ ሆነ ነው።

ኮሚክ ማለት ታሪክን በተከታታይ ሥዕል የሚናገር፥ ንግግሩም ከባለታሪኩ አፍ አጠገብ በተሣለ ክብ ውስጥ የሚጻፍ መጽሔት ነው። በአሜሪካ ይህን ሥራ ለብዙ ዘመን በእጃቸው የያዙት ማርቭልና ዲሲ የተባሉ ሁለት ታላላቅ ኩባንያዎች ናቸው። በእነርሱ ዘንድ ሠዓሊው የሚከፈለው በገጽ ነው። ሃያ ሁለት ገጽ የሣለ የሃያ ሁለት ገጽ ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ የፈጠረው ባለታሪክ ግን ስሙም፥ ልብሱም፥ መልኩም የኩባንያው ንብረት ሆኖ ይቀራል። በ1980ዎቹ ዓመታት ከሽያጩ ላይ ጥቂት በመቶ ይከፍሉ ጀመር፤ ባለቤትነቱ ግን አልተነካም። «አናጢም የሠራውን ወንበር ሸጦ ይሄዳል፤ ማን አዘነለት?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን ወንበር አይወልድም። ባለታሪክ ፊልም ይወልዳል፥ አሻንጉሊት ይወልዳል፥ ሸሚዝ ይወልዳል።

ከሁለቱ ኩባንያዎች ውጭ ራስን ችሎ ማሳተም ቀድሞ የሚደፈር ነገር አልነበረም። መጽሔቱ የሚሸጠው በጋዜጣ መሸጫ ስለ ነበረ፥ ያልተሸጠው ሁሉ ተመልሶ ኪሣራው በአሳታሚው ላይ ይወድቅ ነበር። በ1970ዎቹ ውስጥ ፊል ሱሊንግ የተባሉ የብሩክሊን መምህርና የኮሚክ ነጋዴ አዲስ የአሠራር መንገድ አመጡ። ይኸውም ባለሱቁ የሚፈልገውን ብዛት አስቀድሞ ያዝዛል፤ ዋጋ ይቀነስለታል፤ ነገር ግን ያልሸጠውን አይመልስም። ነገሩ የነጋዴ ሒሳብ ይምሰል እንጂ የሠዓሊዎችን ዕድል የለወጠው እርሱ ነው። ስንት ቅጂ እንደሚሸጥ ሳይታተም በፊት ከታወቀ፥ ካፒታል የሌለው ሰውም ሊያሳትም ይችላል። ካናዳዊው ዴቭ ሲም በ1977 «ሴሬበስ» የተባለውን፥ ፒኒ የተባሉት ባልና ሚስት በ1978 «ኤልፍክዌስት» የተባለውን በዚሁ መንገድ አወጡ። በ1984 ደግሞ ኬቪን ኢስትማንና ፒተር ሌርድ የተባሉ ሁለት ጓደኛሞች ከአንደኛው አጎት ጭምር ተበድረው ስለ አራት ኤሊዎች የሚናገር መጽሔት በ3 ሺህ ቅጂ አሳተሙ። እነዚያን ኤሊዎች ዛሬ የማያውቅ ሕፃን ጥቂት ነው።

መንገዱ እንግዲህ ተጠርጎ ነበር። የጐደለው በታላላቆቹ ኩባንያዎች ቤት ስማቸው የገነነ ሰዎች በዚያ መንገድ መሄዳቸው ብቻ ነበር።

በ1990 ቶድ ማክፋርሌን የጻፉትና የሣሉት የስፓይደር ማን አዲስ መጽሔት ወደ 2 ሚሊዮን ተኩል ቅጂ ተሸጠ። በሚቀጥለው ዓመት ሮብ ላይፌልድ በ«ኤክስ ፎርስ» ከዚያ በለጡ፤ ጂም ሊ የሣሉት የ«ኤክስ ሜን» አንደኛ ቍጥር ደግሞ ከ8 ሚሊዮን ቅጂ አለፈ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም። 8 ሚሊዮን ተሸጠ ማለት ለሱቆች ተሸጠ ማለት ነው እንጂ 8 ሚሊዮን ሰው አነበበው ማለት አይደለም። አንዱን ቍጥር በአምስት ልዩ ልዩ ሽፋን አውጥተውት ስለ ነበረ፥ አንዱ ገዢ አምስቱንም ይወስድ ነበር፤ ዋጋው ወደ ፊት ይጨምራል ብሎ እንደ አክሲዮን ሣጥን ውስጥ የሚቈልፈውም ብዙ ነበር።

የሆነው ሆኖ ሠዓሊዎቹ ጕልበታቸውን ዐወቁ። በ1991 ማለቂያ ላይ ማክፋርሌን፥ ሊና ላይፌልድ ኒውዮርክ በሚገኘው የማርቭል መሥሪያ ቤት ከፕሬዚዳንቱ ከሚስተር ቴሪ ስቱዋርት ጋራ ተገናኝተው ሥራቸውን መልቀቃቸውን አስታወቁ። ከዚያም ወደ ተፎካካሪው ወደ ዲሲ ሄደው «ወደ እናንተም አንመጣም» አሉ። እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የምወደው ይህን ሁለተኛውን ጕብኝት ነው። ኤሪክ ላርሰን፥ ጂም ቫለንቲኖ፥ ማርክ ሲልቬስትሪና ዊልስ ፖርታሲዮ ተጨመሩና በ1992 መጀመሪያ ላይ ሰባቱ «ኢሜጅ» የተባለውን ድርጅት መመሥረታቸውን ገለጡ።

ደንባቸው አጭር ነበር። ድርጅቱ ከስሙና ከምልክቱ በቀር የማንም ሥራ ባለቤት አይሆንም፤ ከባልደረቦቹም አንዱ በሌላው ሥራም ሆነ ገንዘብ አይገባም። ብዙ ኩባንያ የሚጀምረው ንብረት በመሰብሰብ ነው፤ ይህ ግን ንብረት ላለመያዝ ተማምሎ ጀመረ።

ማተሙንና ማከፋፈሉን ለመጀመሪያው ዓመት «ማሊቡ» የተባለው አነስተኛ የካሊፎርኒያ አሳታሚ ያዘላቸው። በሚያዝያ የላይፌልድ «ያንግብላድ» ወጣ፤ በግንቦት የማክፋርሌን «ስፖን» ተከትሎ ወደ 1 ሚሊዮን 700 ሺህ ቅጂ ተሸጠ። ከትልቆቹ ውጭ የታተመ መጽሔት እንዲህ ያለ ቍጥር ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅም። በዓመቱ ኢሜጅ ከማሊቡ ተለይቶ በራሱ ቆመ።

እውነቱን ለመናገር የእነዚያ የመጀመሪያ መጽሔቶች ታሪክ የረባ አልነበረም። ጡንቻና ጠመንጃ በየገጹ ሞልቶ፥ ሰውየው ለምን እንደሚዋጋ የሚነግረን አናገኝም። ከዚህ የባሰው ግን ቀጠሮ አለማክበራቸው ነው። በመጋቢት ይወጣል የተባለው በመስከረም ይደርሳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ሆነ። በ1993 «ቫሊያንት» ከሚባል አሳታሚ ጋራ «ዴዝሜት» የተባለ መጽሔት በጋራ ለማውጣት ተስማምተው ቫሊያንት ድርሻውን በጊዜው ሲያደርስ፥ የኢሜጅ ክፍል እጅግ ዘገየ። ከላይ የተናገርሁትን የሱሊንግን መንገድ እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ባለሱቁ ያዘዘውን አይመልስም። ገዢው ከረሳው በኋላ የደረሰ ክምር መጽሔት የባለሱቁ ዕዳ ነው። ዋጋው ይጨምራል ብለው የገዙትም ተስፋ ቈርጠው ገበያውን ጥለው ሲሄዱ ብዙ ሱቆች ተዘጉ፤ ማርቭልም ራሱ በ1996 መጨረሻ ላይ መክሠሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ። ለዚህ ሁሉ ጥፋት ኢሜጅ ብቻውን አይወቀስም፤ ነፃ ነው ማለት ግን ለባለሱቆቹ አለማዘን ነው።

ሌላም ፈተና ነበረ፤ ይኸውም ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳፍር ነው። በ1993 ሚስተር ማክፋርሌን ለ«ስፖን» አራት የታወቁ ደራሲዎች ጋበዙ። ዐሥረኛውን ቍጥር የጻፉት ያው የ«ሴሬበስ»ው ዴቭ ሲም ሲሆኑ፥ ጀግኖች በወህኒ ቤት ታስረው፥ ፈጣሪዎቻቸውም ፊታቸው ተሸፍኖ የሚታዩበት ታሪክ ነው፤ መብታቸውን ስለ ሸጡት ሰዎች የተጻፈ መሆኑ ግልጽ ነው። ዘጠነኛውን የጻፉት ግን እንግሊዛዊው ኒል ጌይማን ነበሩ። በዚያ ቍጥር ውስጥ የተፈጠሩት ሦስት ባለታሪኮች ለአሻንጉሊትና ለሌላም ንግድ ሲውሉ ጌይማን «ድርሻዬስ?» ብለው በ2002 ከሰሱ። ዳኞች ፈረዱላቸው፤ የይግባኙም ፍርድ ቤት በ2004 ውሳኔውን አጸና። ማርቭልን ስለ ፈጣሪ መብት ጥለው የወጡት ሰው፥ በፈጣሪ መብት ተከሰው ተረቱ ማለት ነው።

መሥራቾቹም አብረው አልዘለቁም። ፖርታሲዮ ገና ከጅምሩ በባለድርሻነት አልገቡም። ላይፌልድ በ1996 ወጡ። ጂም ሊ ክፍላቸውን በ1998 ለዲሲ ሸጠው፥ ቈይተውም የዲሲ አሳታሚ ሆኑ፤ ያንን ሱፐርማንን በ130 ዶላር የገዛው ድርጅት መሆኑ ነው።

ብዙዎች ኢሜጅ እዚህ ላይ ያበቃል ብለው ነበር። ያቈየው ደንቡ ነው። በቫለንቲኖ አሳታሚነት ዘመን ሮበርት ኪርክማን የሚባል ስሙ ያልገነነ ወጣት ደራሲ ሙታን ተነሥተው ሰው ስለሚበሉበት ዓለም የሚናገር ሐሳብ ይዞ መጣ። እንዲህ ያለ ታሪክ ብቻውን አይሸጥም ቢሉት፥ ከሙታኑ በስተኋላ የሌላ ዓለም ፍጡራን አሉበት ብሎ ዋሻቸውና ተቀበሉት። «ዎኪንግ ዴድ» በ2003 ወጣ፤ የሌላ ዓለም ፍጡራኑም ሳይመጡ ቀሩ። መጽሔቱ በ2010 ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ፤ መቶኛ ቍጥሩ በ2012 ከ350 ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጠ። ኪርክማን በ2008 ከመሥራቾቹ ጋራ ባለድርሻ ሆነ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹን ቍጥሮች የሣለው ቶኒ ሙር በ2012 ስለ ድርሻው ከሰሰው፤ በዚያው ዓመት ታረቁ።

ደንቡ በጎ ቢሆንም ሁሉን አይመግብም። ኢሜጅ ከሽያጩ የተወሰነ ክፍያ ወስዶ የቀረውን ለፈጣሪዎቹ ይለቃል እንጂ፥ እንደ ማርቭል የገጽ ዋጋ አስቀድሞ አይቈርጥም። መጽሔቱ ወጥቶ እስኪሸጥ ድረስ ወራት ያልፋሉ፤ ሠዓሊው በእነዚያ ወራት የቤት ኪራዩን ከየትም አምጥቶ ይከፍላል። ካልተሸጠም በሙሉ መብት ባለቤት የሆነው ማንም በማይፈልገው ነገር ላይ ነው። ብዙ ጐበዝ ሠዓሊ በማርቭል የገጽ ዋጋ እየኖረ፥ ሌሊት ሌሊት የራሱን ታሪክ ለኢሜጅ የሚሥለው ስለዚህ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ የሲግልና የሹስተር ዘመን ጥያቄ ግማሹ ተመልሷል፤ የቀረው ግማሽ የእንጀራው ነው።

በ2021 መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ ወገን ጥያቄ አነሣ። በኢሜጅ ቢሮ ውስጥ የሚሠሩት፥ ገጹን የሚያሰናዱት፥ ለማተሚያ ቤት የሚያደርሱትና ማስታወቂያውን የሚጽፉት ሰዎች የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁም አሉ። በጥር 2022 ድምፅ ተሰጥቶ ሰባት ለሁለት አሸነፉ።

ከሰባቱ መሥራቾች አንዱ ኤሪክ ላርሰን በ1992 የጀመሩትን «ሳቬጅ ድራገን» እስከ ዛሬ ራሳቸው እየጻፉ፥ ራሳቸው እየሣሉ ያወጣሉ። ሽያጩ እንደ ድሮው በመቶ ሺህ የሚቈጠር አይደለም። ባለታሪኩ አርጅቷል፤ ልጅ ወልዷል፤ በመጨረሻም ሞቶ መጽሔቱን ልጁ ወርሶታል። ይህን ለማድረግ ላርሰን ማንንም አላስፈቀዱም።